የኩላሊት ጠጠር፦ ሲይዝ ምን ይደረጋል፣ እንዳይመለስስ?

ደብረ ብርሃን ላይ ጎን ሲወጋ መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርድ ነው። እኔንም ሲጀምረኝ እናቴ ያለችው ያንኑ ነው፤ «ሌሊት መኪና ስታጥብ መቶህ ነው»። ጋቢ ተደረበልኝ። ትኩስ አጥሚት መጣልኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መሬት ተንበርክኬ፣ ግንባሬን ፍራሹ ጠርዝ ላይ ደፍቼ ነበር። ብርድ ሰውን እንዲህ አያደርግም።

ሥራዬ ሚኒባስ መንዳት ነው፤ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት። ጠጠር ሁለት ጊዜ ይዞኛል። የመጀመሪያው ራሱ ወጣ። «ተገላገልኩ» ብዬ የድሮ ኑሮዬን ቀጠልኩ፤ በሦስተኛው ዓመት በሌላኛው ጎኔ መጣ። ያኛው በመሣሪያ ነው የወጣው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ሐኪሞች ያስረዱኝን፣ እኔም ሞክሬ የሠራልኝን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። ግማሹ ለሕመሙ ቀን ነው። ግማሹ ደግሞ ሰው ሁሉ ለሚረሳው ጊዜ፣ ማለትም ሕመሙ ካለፈ በኋላ ላለው ነው።

1. ጠጠር መሆኑን ለዩ

የጠጠር ሕመም ድንገት ነው የሚመጣው። ከጎድን አጥንት በታች፣ ከጀርባ በአንድ ጎን ይጀምርና ወደ ፊት ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ብሽሽት ይወርዳል። ወንዶች ላይ እስከ ፍሬ ድረስ ሊሰማ ይችላል። ይመጣል፣ ይጠነክራል፣ ትንሽ ይለቃል፣ ደግሞ ይመለሳል። ማቅለሽለሽና ማስታወክ አብሮት አለ። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሲወጣ ግን ጠብታ ነው። ቀለሙም ወደ ቀይ ወይም ወደ ቡና ሊሄድ ይችላል።

አንድ ጥሩ መለያ አለ። ጠጠር የያዘው ሰው አርፎ መተኛት አይችልም። ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ ይንከባለላል፣ ግድግዳ ይይዛል። ሕመምተኛው በተቃራኒው ድርቅ ብሎ ከተኛ፣ ሲነኩትም ሆዱን የሚያመው ከሆነ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ትርፍ አንጀት በቀኝ በኩል እንዲሁ ይወጋል። የሐሞት ጠጠርም አለ፤ እሱ ከኩላሊት ጠጠር ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። የወር አበባ የቀረባት ሴት ሆዷን በአንድ በኩል አጥብቆ ካመማት ደግሞ ቤት ቁጭ ብሎ መገመት አያስፈልግም፤ ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት መሄድ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ቀይ ስር በልታችሁ ጠዋት ሽንታችሁ ቀልቶ ብታዩት አትደንግጡ። እኔ አንዴ በዚህ የተነሳ ሆስፒታል ሄጄ ተስቆብኛል።

2. ሳትነጋገሩ የምትሄዱበት ምልክት

ይህን ክፍል ለቤተሰባችሁም አንብቡላቸው፤ በሕመሙ ሰዓት የሚወስነው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁና።

ሕመሙ ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ ያው ሌሊት ሆስፒታል ግቡ። ጠጠሩ መንገድ ዘግቶ ከበስተጀርባው የታመቀው ሽንት ኢንፌክሽን ፈጠረ ማለት ነው። በሰዓታት ውስጥ ደም ሊመርዝ ይችላል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኛ አገር ብርድ የሚያሳስተው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲወርድ ማን የማይንቀጠቀጥ አለ? ስለዚህ ቴርሞሜትር ቤት ይኑራችሁ። 38 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ክርክሩ አለቀ።

ሽንት ጨርሶ ከቆመም እንዲሁ ነው። ውኃ እንኳ ሆድ ውስጥ የማይቆይ ከሆነ፣ ሕመሙ በማስታገሻ አልበርድ ካለ፣ ሕመምተኛዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም ሰውየው ያለው አንድ ኩላሊት ብቻ ከሆነ አትጠብቁ። ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ ገጠር የምትመጡ ከሆነ መንገዱን አስቡና ከማታው ይልቅ ከሰዓት በኋላውን ተጠቀሙበት። «እስኪነጋ ልየው» የሚባለው ነገር መኪና ባለበት ከተማ ሌላ ነው፤ መኪና በሌለበት ሌላ።

3. ሕመሙን ማስታገስ

ለጠጠር ሕመም መጀመሪያ የሚመረጡት እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ናቸው። ጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ ዳይክሎፌናክ በመርፌ ይሰጣሉ፤ እኔን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰው አድርጎኛል። ግን እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራ ቁስለት ላለበት፣ ኩላሊቱ ለደከመ፣ ለነፍሰ ጡር አይሆኑም። ከእነዚህ አንዱ ካለባችሁ መድኃኒት ቤት ስትሄዱ ቀድማችሁ ተናገሩ። ባለሙያው ሳይጠይቃችሁ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ሙቀት ይረዳል። በጋለ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጨምቃችሁ ጎናችሁ ላይ አድርጉና ጋቢ ደርቡበት። የፈላ ውኃ ሃይላንድ ውስጥ ጨምሬ ልታቀፈው ብዬ ላስቲኩ ተኮማትሮ አልጋዬን አርሶታል። ሃይላንድ ለዚህ አይሆንም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ሕመሙ በጠናበት ሰዓት ጀሪካን ሙሉ ውኃ መጠጣት ጠጠሩን ገፍቶ አያስወጣውም። መንገዱ ተዘግቷል። ከላይ ሲጨመርበት ኩላሊቱ ይበልጥ ይወጠራል፣ ሕመሙም ይብሳል፣ ደግሞም ያስመልሳችኋል። በዚያ ሰዓት ፉት፣ ፉት ማለት ይበቃል። ብዙ ውኃ የሚጠጣው በኋላ ነው።

ቢራስ? «ሁለት ቢራ ጠጣ፣ ይወጣልሃል» ያላለኝ ሹፌር የለም። ጠላም ታዝዞልኛል፤ መንዝ የተወለደ አንድ ወዳጄ ደግሞ አረቄን እንደ መድኃኒት አቅርቦልኛል። ቢራ ለጊዜው ሽንት ያበዛል፤ ቀጥሎ ግን ሰውነትን ያደርቃል። አረቄውማ ከነጭራሹ። ማስታገሻ ወስዳችሁ ከሆነ ደግሞ መጠጥ ጨጓራችሁን ይበላዋል።

4. መጠኑን እወቁ

ሕመሙ በረድ ሲል አልትራሳውንድ ተነሱ። ሽንት ይመረመራል፣ ደም ተወስዶም ኩላሊቱ እንዴት እየሠራ እንደሆነ ይታያል። ከሁሉም የሚያጠራው ሲቲ ስካን ነው፤ አልትራሳውንድ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ መሃል ያለን ትንሽ ጠጠር ሊስተው ይችላል። የማህበረሰብ ጤና መድን ካርድ ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር መያዝ እንዳትረሱ። ያለ ሪፈር ቀጥታ ሆስፒታል ሄዶ ከኪስ መክፈል የተለመደ ጥፋት ነው።

ከውጤቱ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁና ጻፉ፦ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? የት ነው ያለው? ሁሉም ነገር በእነዚህ ላይ ነው የሚወሰነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣል። በ5 እና በ10 መካከል ያለው ወይ ይወጣል ወይ አይወጣም፤ ግማሽ ለግማሽ ብላችሁ ያዙት። ከ10 በላይ የሆነው ራሱ መውጣቱ ብርቅ ነው። ጠጠሩ ወደ ፊኛው በቀረበ መጠንም ዕድሉ ይጨምራል።

የመጀመሪያው የእኔ 4 ሚሊ ሜትር ነበር። ሐኪሙ «ይወጣል፣ ጠብቀው» አለኝ። ሰው አልትራሳውንድ ላይ ጠጠር እንዳለው አይቶ «ጠብቀው» ሲባል ይናደዳል፤ እኔም ተናድጄ ነበር። ትክክል ነበር ግን። መጠበቅ ማለት ሳምንታት ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ካለፈና ካልወጣ ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል። ሕመም ስለሌለ ወጥቷል ማለት አይደለም። ዝም ብሎ የዘጋ ጠጠር ኩላሊትን ቀስ በቀስ ሊገድል ይችላል።

ለአንዳንዱ ሰው ታምሱሎሲን የሚባል ክኒን ይታዘዛል። የቱቦውን ጡንቻ ያላላል፤ በተለይ ከ5 ሚሊ ሜትር ከፍ ላሉትና ታች ለደረሱት። ስትነሱ ሊያዞራችሁ ስለሚችል ሹፌሮች ማታ ውሰዱት።

5. ጠጠሩን ያዙት

ይህ ደረጃ ብዙ ሰው ያስቀዋል። እኔንም አስቆኝ ነበር። ፖፖ ግዙ። የሻይ ማጥለያ፣ አለዚያም እጥፍ የተደረገ ጎዝ ይኑራችሁ፤ ማጥለያው ከዚያ በኋላ ወደ ኩሽና አይመለስም። ሕመሙ ከጀመረ ጀምሮ በእያንዳንዱ ሽንት ላይ ፖፖው ውስጥ ሸኑና አጥልሉ። አሸዋ የሚመስል ነገርም ቢሆን አትድፉት።

የእኔ የወጣው በ11ኛው ቀን፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። በመጀመሪያ ለአፍታ ሽንቴ ተቋረጠ። ከዚያ የሆነ ስለት ነገር ሲያልፍ ተሰማኝና ፖፖው «ጭል» አለ። ማጥለያው ላይ ሳየው ግማሽ የምስር ክክ አያክልም። ቡናማ ነው፤ በአንድ በኩል እሾህ እሾህ ያለው። ይህች ናት እንግዲህ እንደዚያ ያንከባለለችኝ! በባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ አድርጌ ይዤ ሄድኩ።

ለምን ይጠቅማል? ጠጠር አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። ከአሥሩ ወደ ስምንቱ የካልሲየም ጠጠር ነው፤ አብዛኛው ካልሲየም ኦክሳሌት፤ ኦክሳሌት እንደ ቆስጣ ባሉ አትክልቶች ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ከዩሪክ አሲድ የሚሠራ አለ፤ እሱ የሽንትን አሲድነት በሚቀንስ መድኃኒት ሊሟሟ ይችላል። ከተደጋጋሚ የሽንት ኢንፌክሽን የሚሠራ አለ፤ ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ትልቅ ይሆናል። በዘር የሚመጣ ሲስቲን የሚባልም አለ፣ ብርቅ ነው። ጠጠሩ የሚመረመርበት ቦታ ካገኛችሁ የዓይነቱ ስም መከላከያውን ይለውጠዋል። ካላገኛችሁም ጠርሙሱን አስቀምጡት፤ አይበላሽም።

የካልሲየም ጠጠርን የሚያሟሟ ክኒንም ሆነ ሥር የለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ የማይታወቅ ሥር ጨምቀው ሲያጠጡ ስላየሁ ነው። ተልባና የገብስ ውኃ ከሆነ ችግር የለውም፤ ውኃ ነው፣ ጠጡ። ስሙ የማይነገር ቅጠል ግን ኩላሊት የሚጎዳ ሊሆን ይችላል። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ለጸበል የምትሄዱም ሂዱ። ሱባኤ ስትይዙ ውኃ ሳትጠጡ የምትውሉበትን ሰዓት ግን ከአባቶች ጋር ተነጋገሩበት፤ የሐኪም ቀጠሮውንም አትተዉት።

6. ራሱ ካልወጣ

ሁለተኛው ጠጠሬ 9 ሚሊ ሜትር ነበር። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተባልኩ። ጠጠሩ የሚወጣባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። ከውጭ በሞገድ መሰባበር አለ፤ ሰውነት አይቆረጥም፣ ፍርፋሪው በሽንት ይወጣል። በሽንት መውጫ በኩል በቀጭን መሣሪያ ገብቶ በሌዘር መፍጨት አለ፤ የእኔ ይህ ነው። ለትልልቆቹ ደግሞ በጀርባ በኩል በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ማውጣት። ሆድ ከፍቶ መሥራት አሁን ብዙም አያስፈልግም።

አንድ ነገር ብቻ እዚህ ላይ። ከሥራው በኋላ ኩላሊቱ ሽንት እንዲያፈስ ስቴንት የሚሉት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይተዋል። መሽናት ያስቸኩላል፣ ጎን ይወጋል፣ ሽንቱ ሮዝ ይላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ቱቦው ግን መውጣት አለበት። እንደ ሁኔታው ከቀናት እስከ ሳምንታት፣ ቢበዛ እስከ ሦስት ወር። ከተረሳ ራሱ ላይ ጠጠር ይሠራበትና ሌላ ቀዶ ጥገና ይመጣል። እኔ ስወጣ የሚወጣበትን ቀን ማንም አልጻፈልኝም፤ ራሴ ደውዬ ነው ያወቅኩት። ከሆስፒታል ሳትወጡ ቀኑን አስጽፉ። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ፣ ለሚስታችሁም ንገሩ።

7. ውኃ፤ ጥማትን አትመኑ

ጠጠር አንዴ የያዘው ሰው ምንም ካላደረገ በ10 ዓመት ውስጥ ግማሽ ለግማሽ ዕድል ይመለስበታል። ከሚደረገው ሁሉ ትልቁ ውኃ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማያውቀው ምን ያህል እንደሆነና ራሱ ምን ያህል እየጠጣ እንዳለ ነው።

ሰዎች «ውኃ እኮ እጠጣለሁ» ይላሉ። እኔም እል ነበር። ስለዚህ አንዲት ሐኪም የምትሸናውን ለካው አለችኝ። አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቆርጬ ጎኑ ላይ በማርከር ግማሽ ሊትር፣ አንድ ሊትር እያልኩ ምልክት አደረግኩ። እሑድ ቀን፣ ሥራ በሌለኝ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማግሥቱ ጠዋት የሸናሁትን በሙሉ ለካሁ። 900 ሚሊ ሊትር። አንድ ሊትር አልሞላም! ጠጠር ያለበት ሰው በቀን ቢያንስ ከ2 እስከ 2 ተኩል ሊትር መሽናት አለበት። ልብ በሉ፣ መጠጣት ሳይሆን መሽናት። ለዚህ ከ2 ተኩል እስከ 3 ሊትር መጠጣት ያስፈልጋል፤ ከ10 እስከ 12 ብርጭቆ ማለት ነው።

ለምን ያነሰኝ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ብርድ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሰው አይጠማውም። ሳይጠማን ግን በትንፋሽም በቆዳም ውኃ ይወጣል። ከዚያ ታርማ በርን አልፌ፣ ደብረ ሲናን ወርጄ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ስገባ ደግሞ ላቤ ይንቆረቆራል። ጠዋት በውርጭ የጀመርኩ ሰው እኩለ ቀን ላይ በፀሐይ እቀቀላለሁ። በመሃል ደግሞ «መንገድ ላይ ሽንት እንዳይዘኝ» ብዬ ሆን ብዬ አልጠጣም ነበር። የሹፌርና የመምህር በሽታ ነው ይህ። ሽንት ቤት በሌለበት የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ጥማትን ሳይሆን ቀለሙን እዩ። ሽንታችሁ የገብስ ገለባ ከመሰለ ጥሩ ነው። ጠጅ ከመሰለ ዘግይታችኋል። የቪታሚን ቢ ክኒን የምትወስዱ ቀለሙ ያታልላችኋል፤ ደማቅ ቢጫ ያደርገዋል።

የእኔ አጠጣጥ እንዲህ ነው። እንደነቃሁ ለብ ያለ ውኃ ሁለት ብርጭቆ። በብርድ ቀዝቃዛ ውኃ አይገባም፣ ስለዚህ ፔርሙዝ ውስጥ ሙቅ ውኃ አለኝ፤ ይህች ትንሽ ነገር ናት ግማሹን ሥራ የሠራችልኝ። ከመውጣቴ በፊት አንድ። ደብረ ሲና ላይ እቆማለሁ፣ እሸናለሁ፣ ግማሽ ሊትር እጠጣለሁ። ሸዋ ሮቢት አንድ ሊትር፤ ያላበኝን መተኪያ ነው። ስመለስ ደብረ ሲና ላይ ደግሞ እንዲሁ። ማታ ከራት ጋር ሁለት። ልተኛ ስል አንድ። መጀመሪያ ሰሞን ተሳፋሪ ያጉረመርም ነበር። አንዲት እናት «ልጄ፣ ደግሞ ቆምክ? ሐዋሳ የምንሄድ መሰለኝ እኮ» አሉኝ። ረዳቴ ደግሞ ፊኛዬ ተበስቷል እያለ ያስወራብኛል። ይበል።

የመኝታውን ብርጭቆ አትዝለሉ። ሌሊት ነው ሽንት የሚወፍረው። ለሽንት አንዴ ብትነሱ መልካም ነው፤ ስትመለሱ ግማሽ ብርጭቆ ጨምሩ።

ሎሚ ጥሩ ነው። ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሬት ካልሲየሙ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት ሦስት ሎሚ ጨምቁ፣ ስኳር አትጨምሩ፤ ከጠጣችሁ በኋላ አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ፣ ጥርስ ይበላል። ኮካና ለስላሳ ከውኃ አይቆጠሩም፤ ይልቁንም ይቀንሱ። ቡናና ሻይ ግን ተከልክለዋል የሚባለው ወሬ ነው። ልኩን ጠብቃችሁ ጠጡ። «የኛ ውኃ ኖራ አለው፣ ጀበናው ታች ነጭ ይተዋል» የሚሉም አሉ። ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ውኃው ምን አለው ከማለት በቂ መጠጣቱ ይበልጣል።

የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ይህን የውኃ መጠን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

8. ምግብ፤ ወተቱን አትተዉ፣ ጨዉን ተዉ

«ጠጠሩ ካልሲየም ነው» ሲባል ሰው ሁሉ ወተት ያቆማል። ተቃራኒው ነው ትክክሉ። ካልሲየም ከምግብ ጋር ሆድ ሲገባ ኦክሳሌትን እዚያው አንጀት ውስጥ ይይዘውና በሰገራ ይወጣል። ካልሲየሙ ከሌለ ኦክሳሌቱ ብቻውን ወደ ደም፣ ከዚያ ወደ ሽንት ይሄዳል። ስለዚህ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ አሬራ ከምግብ ጋር። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ያስፈልጋል። የካልሲየም ክኒን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያለ ሐኪም አትውሰዱ። ከፍተኛ መጠን ያለው የቪታሚን ሲ ክኒንም እንዲሁ፤ ሰውነት ወደ ኦክሳሌት ይለውጠዋል።

ጠላቱ ጨው ነው። ጨው በሽንት ሲወጣ ካልሲየምን አብሮ ይጎትተዋል። በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥ። የእኛ ቤት ችግር ጨዉ ተደብቆ መምጣቱ ነው። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲዘጋጅ ገብቶበታል። ሚጥሚጣው ላይ አለ። ከዚያ ድስቱ ላይ ይጨመራል፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ቀምሶ «አልጣፈጠም» ይላል። ባለቤቴ አሁን በርበሬና ሽሮ ስታስፈጭ ጨው አታስገባም፤ ድስት ላይ ብቻ። አንድ ወር አካባቢ ምግቡ ጣዕም አልነበረውም። ከዚያ ለመድነው፤ አሁን ምግብ ቤት ስበላ ጨዉ ይበዛብኛል።

ሥጋ የምትወዱ፣ በተለይ ጉበትና ዱለት፣ ቀንሱ። በየቀኑ አይሁን። ለዩሪክ አሲድ ጠጠር ይህ ይበልጥ ይጠቅማል። የመንዝን በግ በዓል ላይ ተመገቡ እንጂ አልከለከልኳችሁም።

9. የጾም ወራት

የእኛ አካባቢ ሰው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሕዝብ ነን፤ ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። በጾም ሁለት ነገር አብሮ ይሆናል። አንደኛ፣ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከማታ ጀምሮ ውኃ አልጠጣም። ሁለተኛ፣ ወተት ይቀራል፤ በምትኩ በየዓይነቱ ይመጣል። በየዓይነቱ ላይ ደግሞ ቆስጣና ቀይ ስር አለ። ሁለቱም ኦክሳሌት የሞላባቸው ናቸው። ስፒናችም እንዲሁ። ኦቾሎኒም አለበት። ስለዚህ ወተቱ በቀረበት ወር ኦክሳሌቱ ይጨምራል፣ ውኃው ይቀንሳል። ሁለተኛው ጠጠሬ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት መሆኑን ሐኪሟ ስትነግረኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

መፍትሔው ጾም ማቆም አይደለም። ቆስጣውን በአበሻ ጎመን ቀይሩት። ጎመን ኦክሳሌቱ ትንሽ ነው፤ ካልሲየሙ ደግሞ ጥሩ ነው። ቆስጣ ከሆነ የግድ፣ ቀቅላችሁ ውኃውን ድፉት፤ ግማሽ ያህሉ ኦክሳሌት ከውኃው ጋር ይሄዳል። ጤፍ ካልሲየም አለው፣ እንጀራችሁን ብሉ። ምስር፣ አተር፣ ሽምብራ ችግር የለም። ቀይ ስርን ለሰላጣ ማሳመሪያ ትንሽ ብቻ።

ውኃውን በተመለከተ፣ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት። እኔ ስነግራቸው «ልጄ፣ ውኃህን ጠጣ፣ እህሉን እስከ ሰዓቱ ጹም» አሉኝ። ለእናንተ የሚሉት ሌላ ሊሆን ይችላል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ በየሰዓቱ ሁለት ብርጭቆ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሊትር መገልበጥ አይደለም፤ እሱ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ይፋትና ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ደግሞ በረመዳን ከኢፍጧር እስከ ሱሑር እንዲሁ አከፋፍሉት፤ በተለይ ቆላ ላይ በበጋ ሲሆን። ጠጠር በዚያው ወቅት ከያዛችሁ ሐኪሙና ዑለማው አብረው ይወስኑላችሁ።

10. ቀጠሮ

ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ከያዛችሁ፣ ልጅ ከያዘው፣ ወይም ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ሰው ካለበት የደም ምርመራ ጠይቁ፤ ካልሲየም፣ ዩሪክ አሲድ፣ የኩላሊት ሥራ። አንገት ላይ ያለ ትንሽ ዕጢ አብዝታ ስትሠራ ደም ውስጥ ካልሲየም ይበዛል፣ ጠጠር ይመላለሳል፤ እሷ ካልታከመች ውኃ ብቻውን አይበቃም። ለሚደጋገም የካልሲየም ጠጠር በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም የሚቀንስ ክኒን፣ ለዩሪክ አሲዱ ደግሞ አሎፑሪኖል ሊታዘዝ ይችላል።

አልትራሳውንድ ከስድስት ወር በኋላ አንዴ፣ ከዚያ በየዓመቱ። እኔ ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ አደርገዋለሁ፤ ሥራ የሚቀዘቅዝበት ሳምንት ስለሆነ ነው። በዚያው ሳምንት እሑድ ደግሞ የተቆረጠውን ሃይላንድ አውጥቼ እለካለሁ። ዘንድሮ 2 ሊትር ከ300 ሆነልኝ። ታኅሣሥ ላይ ብለካው ኖሮ ግን፣ እርግጠኛ ነኝ፣ አይሞላም ነበር።